ሹፌሩ ካጠፋ በነፃ ይደውሉ

«ምነው ያን ቀን እጄን በቆረጠው!» ይላል ኢርፋን፣ ያቺን ስቲከር ሚኒባሱ የኋላ መስታወት ላይ የለጠፈበትን ቀን ባሰበ ቁጥር።

ስቲከሯ ቀይ ናት። «ሹፌሩ ካጠፋ በነፃ ይደውሉ» ትላለች፤ ከሥሯ አራት አሃዝ ብቻ ያላት፣ ለመያዝ የምትቀል ቁጥር አለች። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚለጥፉት ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። ኢርፋን ድርጅት የለው፣ ቢሮ የለው፤ ከኮልፌ በአየር ጤና አድርጎ ቤቴል የሚመላለስ የአንድ ሚኒባስ ሹፌር ነው። የገዛት ስላማረችው ነው። ሌላው ሹፌር የኳስ ቡድኑን አርማ ሲለጥፍ፣ እሱ «እቺ ቁም ነገረኛ ታስመስለኛለች» ብሎ ለጠፋት። አስመሰለችውም! ትራፊክ ፖሊስ ሲያያት ለስለስ ይላል፤ እናቶች «ይሄኛው ተቆጣጣሪ አለው» እያሉ መርጠው ይገቡለታል። ቁጥሯ የማን እንደሆነች ግን አንድም ቀን አልጠየቀም። ሁለት ዓመት ሙሉ የማያውቀውን ሰው ስልክ ጀርባው ላይ ተሸክሞ ዞረ እላችኋለሁ።

ረዳቱ ገሜዳ ከእሱ በአሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጥ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። «ይሄ ነገር አንድ ቀን ጉድ ያፈላል» ብሎት ነበር። ገሜዳ ስለ ጎማውም፣ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ሽሮ ዋጋም እንደዚያው ስለሚል የሰማው የለም።

ጉዱ የፈላው ኢርፋን ሽማግሌ ሲልክ ነው።

የላከው ወደ ሐጂ ጀላል ቤት ነው። ሐጂ ጀላል ኮልፌ ገበያ ውስጥ ቅመማ ቅመምና ቴምር ይነግዳሉ። ሰፈሩ ያከብራቸዋል፣ ይሸሻቸዋልም። የሚያከብራቸው ሐቀኛ ስለሆኑ ነው፤ የሚሸሻቸው ጥያቄ ስለሚያበዙ። ሳያጣሩ ውሃ አይጠጡም። በግ ሲገዙ ሻጩን ብቻ ሳይሆን የሻጩን ጎረቤት ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜ ሰርቪስ ቤታቸውን ሊከራይ የመጣ መምህር ነበር፤ የሰውየውን ጠባይ ሊያጣሩ አገሩ ሆሳዕና ድረስ በአውቶቡስ ሄዱ። «መልካም ሰው ነው» ተብለው ደስ ብሏቸው ሲመለሱ መምህሩ ሌላ ቤት ተከራይቶ ጠበቃቸው። እንግዲህ ለአንድ ክፍል ቤት እንዲህ የሆኑ ሰው፣ ለአንዲት ሴት ልጃቸው ምን እንደሚሆኑ አስቡት።

ልጃቸው ሃፊዛ ቤቴል መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ከመስጊዱ በታች ካለው ቅያስ ትወጣና ታክሲ ትይዛለች፤ ታክሲው ሁልጊዜ የኢርፋን ነው። በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ! ኢርፋን ቅያሱ አፍ ላይ ይቆማል፣ ስፖኪዮውን ያያል፣ እሷ እስክትመጣ ንቅንቅ የለም። ተሳፋሪ ይጮሃል። ገሜዳ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ያስታግሳል። ከሹፌሩ ጀርባ ያለችው የመስኮት ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ገሜዳ «እሷ የተሰበረች ናት» ይላል። ሃፊዛ ስትመጣ ወንበሯ ትድናለች።

ታዲያ በዚህ ሁሉ፣ በዘጠኝ ወር ውስጥ፣ ኢርፋን ለሃፊዛ የተናገረው ነገር ቢኖር «በሩን ሳብ አርጊው» ብቻ ነው።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይለዋል ገሜዳ።

«ጨዋ ሰው በሽማግሌ ነው የሚጠይቀው» ይላል ኢርፋን። ጨዋነቱስ ጨዋነት ነው፤ ግን ፈሪም ነው። መንገድ ላይ ከሲኖትራክ ጋር የሚጋፋ ሰው አንዲትን ልጅ ስሟን ለመጠየቅ አይደፍርም። ስሟን የነገረው እንኳ ገሜዳ ነው።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከሰዓት ሄዱ። ሐጂ ጀላል በክብር ተቀበሏቸው፣ ሻይ በሳምቡሳ አቀረቡ፣ «ላጣራ» ብለው ሸኟቸው። ረቡዕ ዕለት ኢርፋን ወደ ሱቁ ተጠራ።

«ተቀመጥ» አሉት ሐጂ። ወንበር ስለሌለ የአብሽ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«ስላንተ ጠይቄያለሁ። መስጊድ ጠየቅኩ፣ መልካም ልጅ ነው አሉኝ። ተራ አስከባሪዎቹን ጠየቅኩ፣ መልካም ነው አሉኝ። የድሮ አስተማሪህን ፈልጌ ጠየቅኩ፣ ሂሳብ አይገባውም እንጂ መልካም ነው አለኝ። ሁሉም መልካም ሲል ደግሞ ጠረጠርኩ። እነዚህ የሚያውቁህ ሰዎች ናቸው፤ ወይ ይወዱሃል ወይ ያፍሩሃል። እኔንም አንተንም የማያውቅ፣ የማናችንንም ሻይ ያልጠጣ ምስክር ከየት ላምጣ ስል የመኪናህን ጀርባ አየሁት።»

ኢርፋን ከጆንያው ላይ ብድግ አለ።

«ደወልኩ» አሉ ሐጂ። «ነፃ ነው።»

«ማን... ማን አነሣ?»

«ሴትዮ። ጨዋ ሴትዮ። ሰሌዳህን ነገርኳት። ‹በዚህ መኪና ሹፌር ላይ ሠላሳ አንድ ቅሬታ ቀርቧል፤ አንዱ በአቅራቢው ጥያቄ ተነሥቷል› አለችኝ።»

«ሠላሳ አንድ?! ሐጂ፣ ወላሂ ሰው ገጭቼ አላውቅም! ወላሂ ሰው ተሳድቤ አላውቅም!»

«ምንድን ነው ቅሬታው ብላት ‹ዝርዝሩ የሚነበበው ለሹፌሩ ብቻ ነው› አለችኝ። እኔን የከነከነኝ ሠላሳው አይደለም፤ ሹፌር ቅሬታ አያጣም። የከነከነኝ ያ የተነሣው ነው። ሰውየውን ምን ብለህ ነው ያስነሣኸው? አስፈራርተህ ነው ወይስ ለምነህ?»

«እኔ እኮ ቁጥሩን አላውቀውም!»

«የማታውቀውን ቁጥር ለጥፈህ ነው የምትዞረው?»

እስቲ ምን ይበል? አላውቀውም ቢል ማንም አያምነውም፤ አውቀዋለሁ ቢል ሠላሳ አንድ ቅሬታ አለበት። በዝምታማ የተካነ ነው።

«ሃፊዛንም ጠየቅኳት» አሉ ሐጂ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መሬት መሬት እያየች ዝም አለች። ዝምታ ፈቃድ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የምትፈራኝ ትሁን የምትፈልግህ በምን ልወቅ? እናቷ በሕይወት ብትኖር ትነግረኝ ነበር። አሁን ያለኝ ምስክር ይሄ ቁጥር ነው። እስከ ጁምዓ ባለቤቱን ፈልገህ አግኝልኝና ቅሬታዎቹ ፊቴ ይነበቡ። ካልሆነ ሽማግሌዎችህ እግራቸውን አያድክሙ።»

ኢርፋን ከሱቁ እንደወጣ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ በሁለት ዓመቱ፣ የገዛ ስቲከሩ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ቅሬታ ክፍል» አለች ሴትዮዋ።

«የማን ቅሬታ ክፍል?»

«የእርስዎ ቅሬታ ምንድን ነው?»

«እኔ ቅሬታ የለኝም። ድርጅቱ ማን ይባላል?»

«የድርጅቱ ስም በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ስለሆነ እንድናገር አይፈቀድልኝም።»

«እሺ አድራሻችሁ?»

«እሱም ክርክር ላይ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሹፌሩ ነኝ! ሠላሳ አንድ ቅሬታ ያለብኝ!»

«በስልክማ ሁሉም ሹፌር ነኝ ይላል። መንጃ ፈቃድዎን ይዘው በአካል ይቅረቡ።»

«የት ልቅረብ?»

«አድራሻው ክርክር ላይ ነው አልኩዎት እኮ።» አለችና ቀጠለች፣ «ሌላ ምን ልርዳዎት?»

ገሜዳ ጋቢና ውስጥ ሆዱን ይዞ ሲስቅ እንባው ወረደ። የኢርፋን እንባ የመጣው በሌላ ምክንያት ነው።

ሐሙስ ሥራ አልገቡም። መጀመሪያ ቴሌ ሄዱ። እዚያ ያገኟት ልጅ በትሕትና ሰማቻቸውና የደንበኛ ስም ለሌላ ሰው እንደማይነገር አስረዳቻቸው። ገሜዳ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ኢርፋን ክንዱን ያዘው። አንዱ ጎረምሳ ነገ መጥቶ የሃፊዛን ስልክ ስጡኝ ቢል ይሰጡት ወይ? አመስግኗት ወጣ።

ከዚያ ስቲከሯን ወደሸጠለት ሰው ሄዱ። ታዲዮስ ኮልፌ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል የታክሲ ጽሑፍ ይቆርጣል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወጣና ስቲከሯን እንደ ልጁ እያየ ፈገግ አለ።

«ሥራዬ ናት! ሁለት ክረምት አልፎባት ፈቅ አላለችም። ‹ሹ›ዋን እንዴት እንዳወጣኋት አይተሃል?»

«ታዲ፣ ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?»

«ከአንድ አይሱዙ ላይ ነዋ። ዓለም ባንክ፣ ፈቀደ ጋራዥ ውስጥ የቆመ አለ። ጽሑፉ ማረከኝና እንዳለ ቀዳሁት።»

«ጽሑፉን ስትቀዳ ቁጥሩን አትቀይረውም እንዴ?!»

«በምን ልቀይረው? ከራሴ ፈጥሬ ቁጥር ብጽፍ እኮ ማጭበርበር ነው!» አለ ታዲዮስ፤ ከልቡ ነው የተቆጣው።

«ለስንት ሹፌር ሸጥካት?» አለ ገሜዳ።

«ለእሱ ብቻ። ሃምሳ ቆርጬ ነበር። ሌሎቹ ‹እኛ አብደናል ወይ፣ በገዛ መኪናችን ላይ መከሰሻ የምንለጥፈው?› ብለው ሳቁብኝ። አርባ ዘጠኙ አሉ፤ ከፈለጋችሁ ቅናሽ አደርጋለሁ።»

ኢርፋን ሞተር አስነሣ።

ዓለም ባንክ ሲደርሱ አይሱዙው እውነትም አለ። ጎማ የለውም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የኋላው ላይ ያቺው ጽሑፍ፣ ያቺው ቁጥር። በሩ ላይ የድርጅት ስም ነበረ፤ ነበረ ነው እንግዲህ፣ ቀለም ተደፍቶበት፣ በላዩ ተጽፎበት፣ እንደገና ቀለም ተደፍቶበታል። የጋራዡ ባለቤት አቶ ፈቀደ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ።

«የሁለት ወንድማማቾች ነው» አሉ። «አባታቸው ሲሞቱ ተጣሉ። አንደኛው ይመጣና ስሙን ያጠፋል። ሌላኛው ይመጣና ይጽፋል። አምስት ዓመታቸው። መኪናው ከዚህ አልወጣም፤ ቀለሙ ብቻ ወፈረ።»

«ቁጥሩ ግን ይሠራል እኮ አባቴ! ሴትዮ ታነሣለች!»

«ጽጌማርያም ናታ። እሷን ለማሰናበት ሁለቱም መፈረም አለባቸው። ስልኩን ለማስቆረጥም ሁለቱም መፈረም አለባቸው። አንድ ወረቀት ላይ ከፈረሙማ ታረቁ ማለት አይደለም? ሞተው ነው! ስለዚህ እሷም ትኖራለች፣ ስልኩም ይኖራል።»

«የት ነው ያለችው?»

«ቤቴል። ከክሊኒኩ ጀርባ ያለው ፎቅ፣ ሦስተኛ።»

ኢርፋንና ገሜዳ ተያዩ። ከክሊኒኩ ጀርባ ማለት ሃፊዛ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት ነው። ኢርፋን ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ከቅሬታ ክፍሉ መስኮት ሥር ነበር የሚያቆመው።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐጂ ጀላል ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ ሚኒባሱ ውስጥ ገቡና ቀጥ ብለው ከሹፌሩ ጀርባ ያለችው የመስኮት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«እሷ የተሰበረች ናት!» አለ ገሜዳ። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው ያየው፤ ልማድ ክፉ ነው።

ሐጂ ከፍ ዝቅ ብለው ሞከሯት። «ደህና ናት እኮ» አሉና መስኮቱን ከፈቱ። ገሜዳ እስከ ቤቴል ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ሄደ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስምንት ጠረጴዛ ያለበት ሰፊ ክፍል አለ። ሰባቱ ባዶ ናቸው። በስምንተኛው ላይ ዳንቴል የለበሰ ስልክ፣ አንድ ወፍራም መዝገብ፣ ከኋላው ደግሞ ወይዘሮ ጽጌማርያም አለች፤ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ሹራቧን እስከ አንገቷ የቆለፈች ሴት። ሰው ሲገባ አይታ ደነገጠች፤ ቶሎ ብላ ግን ፊቷን የመሥሪያ ቤት ፊት አደረገችው።

ኢርፋን መንጃ ፈቃዱን ሰጣት። የካርዱን ፊት አየች፣ ጀርባውን አየች፣ ኢርፋንን አየችው።

«እርስዎ ነዎት?» አለች። «ከጥቅምት ጀምሮ ፈለግኩዎት! በድርጅታችን መዝገብ ውስጥ የእርስዎ ሰሌዳ የለም። በአምስት ዓመት ውስጥ ወደዚህ መስመር የገባው ስልክ ሁሉ ስለ እርስዎ ነው፤ እርስዎ ደግሞ የሉም።» ከዚያ ወደ ሐጂ ዞረች። «እኚህስ?»

«አማቴ... ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው» አለ ኢርፋን።

«ሹፌሩ ከፈቀደ መስማት ይችላሉ። ይፈቅዳሉ?»

ሐጂ ጀላል ዓይናቸውን አልነቀሉበትም። ኢርፋን ራሱን መረመረ። ሰው አልገጨም፣ አልተሳደበም፣ ትርፍ አልጫነም፤ ቢጭንም ሠላሳ አንድ ጊዜ አልጫነም። «እፈቅዳለሁ» አለ።

ጽጌማርያም መዝገቡን ገለጠች። የአቅራቢዎች ስም እንዳይታይ በማስመሪያ ሸፈነች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ቁጥር አንድ። ጥቅምት ስምንት። ሹፌሩ ኮልፌ ከመስጊዱ በታች ካለው ቅያስ ላይ ያለ ምክንያት ሰባት ደቂቃ ቆሟል።»

ኢርፋን አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገ። ያለፉትን ሁለት ቀናት ስለ ሁሉም ጥፋት ሲያስብ ይሄኛው ጥፋት መሆኑ አልመጣለትም ነበር!

«ቁጥር ሁለት። ጥቅምት ዘጠኝ። እዚያው ቅያስ ላይ ስምንት ደቂቃ። አቅራቢው ሥራ አርፍደዋል። ቁጥር ሦስት። ጥቅምት አሥራ ሁለት። ምክንያቱ ተደርሶበታል፤ የሚጠብቀው ሴት ልጅ ነው።»

«ይሄ ቅያስ» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው፣ «የእኔ ቅያስ ነው።»

«ቁጥር ሰባት። ደህና ወንበር ተሰብሯል እየተባለ ለአንዲት ተሳፋሪ ይቀመጣል።»

ሐጂ ወደ ገሜዳ ዞሩ። ገሜዳ ኮርኒሱን ያጠና ነበር።

«ቁጥር አሥራ አንድ። ልጅቷ የቀረች ዕለት ሹፌሩ ሃያ ደቂቃ ጠብቆ ሲያበቃ እስከ ቤቴል በሁለተኛ ማርሽ ነድቷል። መንገዱ ክፍት ነበር። ቁጥር አሥራ ዘጠኝ። ዝናብ ሲዘንብ ረዳቱን ጃንጥላ አስይዞ ወደ ቅያሱ ልኳል። እኛ ስንወርድ ጃንጥላ የያዘልን የለም።» ጽጌማርያም ቀና አለች። «ሃያ አራቱ የአንድ ሰው ናቸው። ቋሚ ደንበኛ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ነው የሚደውሉት። ጨዋ ሰው ናቸው፣ የእኔንም ጤንነት ይጠይቃሉ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ኢርፋን ባመሰገናት። አለቀ፤ ልጃቸውን በየመንገዱ ሲያሳድድ የኖረ ዱርዬ ሆኖ ሐጂ ፊት ተነበበ። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም።

«አናግሯት ያውቃል?» አሉ ሐጂ። ድምፃቸው ደርቋል።

«እኔ የተጻፈውን ነው የማነበው። ቁጥር ሃያ ስምንት። ሚያዝያ ሦስት። አቅራቢ፣ ሴት።» ማስመሪያውን ይበልጥ ተጭና ያዘችው። «‹ሹፌሩ ለሰባት ወር በየቀኑ ሲጠብቀኝ ስሜን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። በሩን ሳብ አርጊው ብቻ ይለኛል። ማስጠንቀቂያ ይሰጥልኝ።›»

ገሜዳ ዓይኑን ከኮርኒሱ ላይ አወረደ።

«ካልተናገሩ ደጃዝማች—»

«ዝም በል!» አሉት ገሜዳን፣ ሐጂና ኢርፋን እኩል።

«ግንቦት አንድ» ብላ ቀጠለች ጽጌማርያም፤ «እኚሁ አቅራቢ ደውለው ማስጠንቀቂያው ደርሶታል ወይ ብለዋል። የሹፌሩ አድራሻ ስላልታወቀ አልደረሰም ተብለዋል። ግንቦት ሃያ፣ እንደገና ደውለው ጠይቀዋል። አልደረሰም ተብለዋል።» መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ፖስታ አወጣች። «ይኸው አሁን ደረሰዎት። ማኅተም የለውም፤ ማኅተሙ ክርክር ላይ ነው።»

ኢርፋን በሁለት እጁ ተቀበለ። «ጉዳዩ፦ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት። ተሳፋሪዋን ስሟን በትሕትና እንዲጠይቁ እናሳስባለን» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበው። ደስታ ነው የሚባለው? እፍረት ነው? ስፖኪዮ ውስጥ ሲያያት ሁልጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ ነበር የምታየው፤ እሷም የምትጠብቀው ነገር እንደነበራት እንዴት ይወቅ?

«ይህ ቅሬታ» አለች ጽጌማርያም፣ «ባለፈው እሁድ ተነሥቷል። እሁድ መስመሩ ወደ ሞባይሌ ይዞራል። ሰዓት፣ ከቀኑ አሥር ከሩብ። የተነሣበት ምክንያት፣ ‹ሽማግሌ ልኳል።›»

ሐጂ ጀላል ቆባቸውን አወለቁ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«አሥር ከሩብ» አሉ። «ሽማግሌዎቹ ሳሎን ነበሩ። ሁለተኛ ሻይ አምጪ ብዬ ብጣራ ጓሮ ስልክ ታወራለች። እንግዳ ቁጭ ብሎ ካርድ ትጨርሻለሽ ወይ ብዬ ተቆጣኋት። ‹ነፃ መስመር ነው አባ› አለችኝ።» ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «እኔ ማታ ስጠይቃት መሬት እያየች ዝም ያለችው ልጅ፣ ጨርሶ ለማታውቃት ሴትዮ ቀን ነግራታለች።»

«የቀሩትን ላንብብ?» አለች ጽጌማርያም።

«የመጨረሻዋን ብቻ።»

«ቁጥር ሠላሳ አንድ። ማክሰኞ። አቅራቢ፣ የሴት ልጅ አባት። ስለ ሹፌሩ ጠባይ ጠይቀዋል።»

«እኔ ነኝ! እኔ ጠየቅኩ እንጂ ቅሬታ አላቀረብኩም!»

«ወደዚህ መስመር የገባ ሁሉ ቅሬታ ተብሎ ነው የሚመዘገበው።»

«እንግዲያው አንሺው፣ እህቴ።»

«በአካል አይነሣም። በስልክ ብቻ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሐጂ ጀላል ይህ ደንብ ከየት እንደመጣ ሳያጣሩ አይለቋትም ነበር። ዛሬ ስልካቸውን ከጀለቢያቸው ኪስ አወጡ፣ ከዓይናቸው አርቀው ያዙ፣ አራቷን ቁጥር ነኩ። ዳንቴል የለበሰው ስልክ ጮኸ። ጽጌማርያም ሹራቧን አስተካክላ፣ አንድ ክንድ ከማይሞላ ርቀት ላይ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ፣ አነሣች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ቅሬታ ክፍል።»

«ጀላል ነኝ። ቁጥር ሠላሳ አንድን ለማስነሣት ነው።»

«የሚነሣበት ምክንያት?»

ሐጂ ዞር ብለው ኢርፋንን አዩት፤ ወረቀቱን እንደያዘ ቆሟል።

«ጻፊ» አሉ። «ልጄ ከእኔ ቀድማ አንስታለች።»

ጽጌማርያም ጻፈች። ኢርፋን አለቀሰ፤ አቧራ ገባብኝ ቢልም የሚያምነው አላገኘም፣ ገሜዳም ያለቅስ ነበርና።

«ሌላ ምን ልርዳዎት?»

«ለሠርጉ እንጠራሻለን። ትመጫለሽ።»

«ስልኩን ማን ያነሣል ታዲያ?»

«ይዘሽው ነዪ!» ብለው ዘጉ። ከዚያ ወደ ኢርፋን ዞሩ፤ ቁጣቸው ተመልሶ ነበር፣ ወይም ቁጣ አስመስለውት ነበር። «አንተስ ምን ትጠብቃለህ? ማስጠንቀቂያው ደርሶህ የለ? ሂድና ፈጽም!»

«አሁን? እርስዎ እያሉ?»

«እኔ መኪናው ውስጥ ነኝ። የተሰበረችው ወንበር ላይ።»

ኢርፋን ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወረደ አያውቀውም። አስፋልቱን ሲሻገር ካፊያ ጀምሯል። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሃፊዛ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ካርቶን ትደረድር ነበር። የመስታወቱን በር ከፍቶ ደፉ ላይ ቆመ፤ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ዝናብ ላይ። ወረቀቱን አየችው። ከኋላው ፌርማታው ላይ የቆመውን ሚኒባስ፣ በመስኮቱ አንገታቸውን ያወጡትን አባቷንም አየች።

«ስምሽ... ስምሽን ማን ልበል?» አለ ኢርፋን።

ሃፊዛ ካርቶኑን አስቀመጠች። በዘጠኝ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በመስኮት ወደ ውጭ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ አየችው።

«ሃፊዛ» አለችው። «ግባና በሩን ሳብ አርገው።»